ሌሊቱ የሚስተካከለው ምሽት ላይ ነው፦ ሕፃን ልጅን ሌሊት የማስተኛት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ሕፃን ታቅፋ መንገድ የወጣች እናት ሁለት ጥያቄ አይቀርላትም። «ጡት ይጠባል?» እና «ሌሊት ያስተኛሻል?» የመጀመሪያውን ሁሉም ፈጠን ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ላይ አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ «ተይኝ እስቲ» ብላ ታልፋለች። ይህ መመሪያ «ተይኝ እስቲ» ለምትሉት ነው። አባቶችም አላችሁበት።

ከመነሻው አንድ ነገር እንስማማ። ሳይነቃ የሚያድር ሕፃን የለም። እኛ ትልልቆቹም ሌሊት እንነቃለን፤ ትራሳችንን ገልበጥ አድርገን መልሰን ስለምንተኛ ጠዋት አናስታውሰውም። የሕፃን እንቅልፍ ደግሞ በአጫጭር ዙር ነው የሚሄደው። በየዙሩ መጨረሻ ላይ ብንን ይላል። አንዱ ሕፃን ተገላብጦ ይተኛል። ሌላው ምሽት ሲተኛ አብሮት የነበረውን ነገር ይፈልጋል። ጡት ጎርሶ ከተኛ ጡቱን፣ ታዝሎ ከተኛ ጀርባውን፣ እየተወዘወዘ ከተኛ ውዝዋዜውን። ሲያጣው ያለቅሳል፤ አይፈረድበትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የምትታገሉት ችግር ብዙ ጊዜ የተፈጠረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው።

«የእኔ ልጅ ከሁለት ወሩ ጀምሮ ሌሊቱን ለጥ ይላል» የምትል ጎረቤት ካለቻችሁ እሰየው በሏት፣ ግን ልጃችሁን ከእሷ ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 6 ወር የሞላቸውን ሕፃናት አይቶ ነበር። ከመቶው 38 ያህሉ ሌሊት ላይ ስድስት ሰዓት ሳያቋርጡ አይተኙም። ዓመት ሲሞላቸውም ከመቶው 28 ያህሉ እንደዚያው ነበሩ። እነዚህ ልጆች በእድገታቸው ከሌሎቹ ወደኋላ አልቀሩም።

ከስንት ወሩ ይጀመር?

በአራስነቱ አትሞክሩት። ጨቅላ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ሆዱ ትንሽ ነው። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞንም ሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊቱ ጡት ለእናትየው ወተት ይጠቅማል። በዚያ ላይ ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት ገና አልተስተካከለም። ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው ቀስ እያለ መስመር የሚይዘው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ያለውን ጊዜ እንደመጣ ተቀበሉት። ጠያቂው ይመጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ልጁም በፈለገው ሰዓት ይነቃል።

ማስለመድ የሚቻለው ከ4 ወር በኋላ ነው፤ 6 ወር ሲሆነው ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ወሩን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ለክትባት ስትሄዱ ክብደቱን አስመዝኑና «ሌሊት ጡት ብቀንስለት ችግር አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክብደቱ በሚገባ ያልጨመረ ልጅ የሌሊት ጡቱ አይነካበትም።

ስንት ሰዓት መተኛት አለበት ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ እስከ 3 ወር ላለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ላለው ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይላል። ይህ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ነው። ቀን 5 ሰዓት የተኛ ልጅ ሌሊት 12 ሰዓት ይተኛ ማለት ከእሱ ብዙ መጠበቅ ነው።

አንደኛ፦ መኝታውን አዘጋጁ

ልጁ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። ቀንም፣ ሌሊትም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። «ካስመለሰው ይታነቃል» የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። ጤነኛ ሕፃን ግን በጀርባው ተኝቶ ሲያስመልሰው ወይ ይውጠዋል ወይ ይተፋዋል።

ፍራሹ ጠንከር ያለና ሜዳ ይሁን። ልጁ ሲተኛበት የሚጎደጉድ ከሆነ አይሆንም። ትራስ አያስፈልገውም። ጋቢ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የአሻንጉሊት ክምር፣ ሁሉም ከአልጋው ይውጣ። የሚያስፈልገው የተወጠረ አንሶላና የሚሞቅ ልብስ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ በራሱ አልጋ ላይ ሲተኛ ነው። ግን ቤታችንን እናውቀዋለን። ተከራይተው በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች ሁለተኛ አልጋ የት ያድርጉት? አብሯችሁ የሚተኛ ከሆነ ትልልቆቹ ልጆች ከእሱ ጎን አይተኙ። ትራሳችሁና ብርድ ልብሳችሁ ከእሱ ይራቅ። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አብሮት አይተኛ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አነስ ያለ ልጅ ከሆነ እንደምንም ብላችሁ ለብቻው አስተኙት። ሶፋ ላይ አቅፎት ማንቀላፋት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ደክሟችሁ ከሆነ ሶፋው ላይ አታጥቡት።

አጎበር እዚህ አገር ግዴታ ነው። ጣና ዳር ነን፤ ወባው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ በግንቦትና በሰኔም መልሶ ያነሳሳዋል። አጎበሩ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ጥላ ሥር ለአንድ ቀን አናፍሱት። ጫፉ በሁሉም በኩል ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፤ አንድ ጎን ክፍት ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ተወጥሮ ይሰቀል፣ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከአጎበር አጠገብ አይቀመጥ። የከሰል ምድጃም ቤቱን ለማሞቅ ተብሎ ተዘግቶ አይታደርበት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልበል። ክፉ እንዳይቀርበው ተብሎ ሕፃኑ ራስጌ ቢላ ወይም ብረት የሚቀመጥበት ቤት አለ። ከእምነታችሁ ጋር ጸብ የለኝም። ቢላው ግን ልጁ የማይደርስበት ቁም ሳጥን ላይ ይሁን። ረጅም ክርና ክታብም አንገቱ ላይ ታስሮ አይደር።

ሙቀቱን እጁን ነክታችሁ አትለኩ። የሕፃን እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው። ጣታችሁን ከማጅራቱ ሥር ስደዱ። ላብ ካለው ሞቆታል፣ አንድ ልብስ ቀንሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ቤት ምሽቱን ምን ያህል እንደሚያፍን ታውቃላችሁ። በዚያ ሙቀት ኮፍያ፣ ካልሲና ሁለት ብርድ ልብስ የተደረበበት ልጅ «ዛሬ ምን ነክቶት ነው የሚነጫነጨው?» ይባላል። ምንም አልነካው፣ ሞቆት ነው። ቤቱን ከምሽቱ በፊት መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ትንኝ ሳይገባ ዝጉ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን አሲዙት

ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ እናቶቻችን ያወረሱን ጥሩ ነገር ነው። አጥንቱን ብቻ ሳይሆን እንቅልፉንም ይጠቅማል። የጠዋት ብርሃን ለልጁ የሰውነት ሰዓት «ነግቷል» ይለዋል፣ የምሽቱ ጨለማ ደግሞ «መሽቷል» ይለዋል። ጠዋት ላይ ለጥቂት ደቂቃ፣ ፀሐዩ ሳይከር አውጡት። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ሌሊት አምፖል በርቶ የሚውል የሚያድር ልጅ ቀንና ሌሊቱን ቢገለብጠው ምን ይደንቃል? ቀን ሲተኛም ቤቱን አታጨልሙት። ሰው ያውራ፣ ሳህን ይታጠብ።

«ቀን አታስተኚው፣ ሌሊት እንዲተኛ» የሚለውን ምክር ግን አልቀበለውም። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ይቅበጠበጣል፣ ያለቅሳል፣ ተኝቶም ቶሎ ይነቃል። የ4 ወር ልጅ ከነቃ በኋላ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው የሚችለው። 6 ወር ሲሆነው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይደርሳል፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ አራት ሰዓትም ይቆያል። ከሰዓቱ በላይ ልጁን እዩት። ፊቱን ሲያዞር፣ ዐይኑን ሲያሽ፣ ጆሮውን ሲጎትት፣ አንድ ቦታ ላይ ፈዝዞ ሲቀር ጊዜው ደርሷል። እስኪያለቅስ ከጠበቃችሁ አልፏችኋል።

ቀን በአንቀልባ ታዝሎ ቢተኛ ችግር የለውም። አንዱን እንቅልፍ ግን፣ የሚሻለው የጠዋቱን፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ይልመድ። የምሽቱን ትምህርት በቀን መለማመድ ይቀላል፤ ማንም አልደከመውም።

የሐይቅ ዳሩን ሽርሽር እንዳልረሳው። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዛፎቹ ሥር መንሸራሸር ለልጅም ለእናትም ደስ ይላል። ችግሩ ልጁ ሲታዘል 11 ሰዓት ላይ ጭልጥ ይላል፣ 12 ሰዓት ላይ ይነቃል፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማን ያስተኛዋል? ስለዚህ ወይ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ወይ ሳትዝሉት ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጋችሁ እቀፉት፣ ነቅቶ ይይ። ከ11 ሰዓት በኋላ መተኛት የለበትም። ጀምበር ሳትጠልቅም ተመለሱ፣ ትንኙ የሚወጣው ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ ለሠራተኛ እናቶች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ብዙዎቻችሁ ሥራ የምትገቡት ልጁ 4 ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር አለ። ልጁ ቀን ከሞግዚቷ ወይም ከአያቱ ጋር ሲውል ጥቂት ጠብቶ ይውላል፤ እናቱ ስትመጣ ሌሊቱን ሙሉ ጡት ላይ ያድራል። አመል አይደለም። የቀኑን ሒሳብ ነው የሚያወራርደው፣ እናቱንም ናፍቋት ነው። መፍትሔው ሌሊት ላይ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት በደንብ አጥቡት። ወተት አልባችሁ ትታችሁ ሂዱ፣ በንጹሕ ኩባያ ይጠጣ። ፍሪጅ ከሌለ የታለበው ወተት ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ሲብስ ከዚያም ያንሳል። ከሥራ እንደገባችሁ ቦርሳውን ጣል፣ እጅ ታጠብ፣ ጡት። እራቱን ሌላ ሰው ያማስል። ከመኝታው በፊት ደግሞ አንዴ ይደገም። የቀን ሒሳቡ ሲሞላ ሌሊቱ በራሱ ይቀላል።

ሦስተኛ፦ የምሽቱ ሥርዓት

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ተፈጥሮ ያግዛችኋል ማለት ነው። ልጁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይተኛ። ብዙ ቤት ግን በዚህ ሰዓት ነው የሚደምቀው። አባት ይገባል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ዘመድ «ልየው እስቲ» ብሎ ልጁን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ልጁም ይስቃል፣ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ 3 ሰዓት ላይ የሚያለቅሰውን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ስልኩን ያያል።

የሚያስፈልገው ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነው፦ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። መብራቱን ቀንሱ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉ ወይም ድምፁን ግደሉ። በለብ ያለ ውሃ አጠብ አጠብ አድርጉት፤ ሙሉ ገላውን በየቀኑ ማጠብ ግዴታ አይደለም። ዘይት ቀብታችሁ እግሩንና ጀርባውን እሹት። ዳይፐር ወይም ጨርቅ፣ የሌሊት ልብስ። ከዚያ ጡት። ከጡቱ በኋላ እሹሩሩ ማለት፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ሁለት ቃል፣ «ደህና እደር፣ እዚሁ ነኝ»። አጎበሩን ዝቅ ማድረግ የመጨረሻው ይሁን። በሳምንት ውስጥ ልጁ አጎበሩ ሲወርድ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

አባት ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ የልጁን መኝታ ለእሱ አታራዝሙት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁን ይውሰደው፣ ፀሐይ ያሙቀው፣ ይጫወቱ። እናትየዋ ያቺን አንድ ሰዓት ትተኛ። ከምሽቱ ጫጫታ ይልቅ ይህ ሁለቱንም ያቀራርባል።

አራተኛ፦ ነቅቶ እያለ አስተኙት

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነው።

ጡት ላይ ዐይኑ ሲከብድ፣ መምጠጡ ሲቀንስ፣ ግን ገና ሳይተኛ፣ ትንሿን ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ አስገብታችሁ ጡቱን በቀስታ አውጡ። ቢፈልገው አገጩን ከታች ደገፍ አድርጉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ደረታችሁ ላይ አቁማችሁ አስገሱት። ከዚያ ወደ አልጋው። መጀመሪያ እግሩ ይንካ፣ ቀጥሎ መቀመጫው፣ ከዚያ ጀርባው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ። ጭንቅላቱ ከቀደመ እንደሚወድቅ ስለሚሰማው እጁን ዘርግቶ ይደነግጣል። አንድ መዳፋችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉ። አትምቱት፣ አትወዝውዙት። መዳፉ ብቻ ይቆይ።

ያለቅሳል። አዲስ ነገር ነውና ያለቅሳል። ሁለት መንገድ አለ።

እኔ የምመርጠው አጠገቡ ቁጭ ማለትን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምሽቶች እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ በዝቅተኛ ድምፅ «እሽሽ» በሉት። ካልቻለ አንሱት፣ ሲረጋጋ እንደነቃ መልሱት። አስር ጊዜ ቢሆንም። በቀጣዮቹ ምሽቶች እጃችሁን አንሱ፣ ድምፃችሁን ብቻ ይስማ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ወንበሩን ወደ በሩ አርቁት። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ደግሞ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ተኙ። ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ልጁ ብቻውን እንዳልተተወ ያውቃል፤ ለእኛ ዓይነት ቤትም ይስማማል።

ሁለተኛው መንገድ፣ አስተኝቶ ወጥቶ በየተወሰነ ደቂቃ እየገቡ ማየት ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ ስድስት። ገብታችሁ ታረጋጋላችሁ፣ ሳታነሱት ትወጣላችሁ። ፈጠን ይላል፣ ግን ለብቻው ክፍል ላለው፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ነው። «ልጁ ይጎዳል» ብለው የሚሰጉ አሉ። አውስትራሊያ ውስጥ በ326 ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወላጆቻቸው ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱን እንዲሞክሩ የተማሩላቸው ልጆች 6 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በባሕርያቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት ከሌሎቹ ልጆች የተለየ ጉዳት አልተገኘባቸውም። በሩን ዘግቶ እስኪነጋ ማስለቀስ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ እኔም አልመክረውም።

አሁን ስለ ግቢው። የምንኖረው ግድግዳ ተጋርተን ነው። ልጁ ሲያለቅስ ከወዲያ «ኧረ ልጁን ምን አድርጋችሁት ነው?» የሚል አይጠፋም። ከመጀመራችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ። «ይህን ሳምንት ልጃችንን እንቅልፍ እያስለመድን ነው፣ ካስቸገርናችሁ ይቅርታ» ይበቃል። ቡና ጠርታችሁ ብትነግሯቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

አያትስ? አያት ልጁ ሲያለቅስ አብራ የምታለቅስ ናት። «ሆዱ ይባባል፣ አምጪው» ብላ ትቀበላችኋለች፣ አዝላ ታስተኛዋለች፣ የሦስት ቀን ልፋት ገደል ይገባል። አትጋጩ፣ ሥራ ስጧት። ማጠቡንና ዘይት ማሸቱን የሚችልበት እንደ እሷ ያለ የለም። «እማዬ፣ እስከ ጡቱ ያለው የአንቺ ነው፣ ከዚያ የእኔ» በሏት። ቀን ማዘሉም የእሷ ይሁን።

አምስተኛ፦ ሌሊት ሲነቃ

ድምፅ ሁሉ መንቃት አይደለም። ሕፃን ተኝቶ ያቃስታል፣ ይስቃል፣ እግሩን ይወራጫል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ብድግ ብላችሁ ካነሳችሁት እናንተ ናችሁ የቀሰቀሳችሁት። አንድ ሁለት ደቂቃ ጆሯችሁን ጣሉ። ልቅሶው ከጨመረ ሂዱ። ከቀነሰ ዝም በሉ።

ስትሄዱ መብራት አታብሩ። ስልክ አትክፈቱ፤ ብርሃኑ ልጁን ያነቃዋል፣ እናንተንም ቲክቶክ ላይ ያስቀራችኋል። ሰገራ ከሌለውና ካልበሰበሰ ዳይፐሩን አትቀይሩ። አታጫውቱት፣ ዐይን ዐይኑን እያያችሁ አትሳቁለት። ርቦት ከሆነ አጥቡት፣ እንደ ምሽቱ አድርጋችሁ መልሱት።

ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ ሌሊት አንድ ሁለቴ መጥባቱ ልክ ነው። ከ6 ወር በኋላ፣ ክብደቱ ጥሩ ከሆነና ቀን ምግብ ከጀመረ፣ የሌሊቱን ጡት መቀነስ ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትቁረጡ። አንዱን መርጣችሁ በየሌሊቱ የሚጠባበትን ደቂቃ በጥቂቱ አሳጥሩ። ሲያንስ በመዳፍና በድምፅ ተኩት። ያን አባት ቢያደርገው ይሻላል፤ እናትየዋ ስትቀርበው ወተቱ ይሸተዋል። ይህ ማለት ጡት ማስጣል አይደለም። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ድምፅ ለሚያስነሳው ልጅ፣ ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎን አለ፣ አዛኑ አለ፣ የውሻው ጩኸት፣ የባጃጁ፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮው። እነዚህን አናጠፋቸውም። ወጥ የሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ይሸፍናቸዋል። ቬንትሌተር ካላችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አብሩት።

የማይሰጡ ነገሮች

እንዲያስተኛው ተብሎ ከ6 ወር በፊት አጥሚትም፣ ገንፎም፣ የአብሽ ውሃም፣ የስኳር ውሃም አይሰጥ። ሆድ ሲሞላ ይተኛል የሚለው አልሠራም። ሆዱ ያልለመደው ነገር ቁርጠት አምጥቶ ይቀሰቅሰዋል እንጂ። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም። ጤና አዳም ለሕፃን ሆድ መርዝ ሊሆን ይችላል። የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ለማስተኛት የሚሰጥ ሰው አለ፤ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል፣ አታድርጉት። ጡጦ አፉ ውስጥ ትቶ ማስተኛትም ጥርሱን ይበላዋል።

«በልቅሶ እንጥሉ ወረደ» የሚሏችሁ ሊኖሩ ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጥ የሌሊት ልቅሶን አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልጅ ያሳጣል።

የምታጠባ እናት ቡና ትቀንስ። በጨቅላ ሰውነት ውስጥ ካፌይን ቀናት ይቆያል፣ እያደገ ሲሄድ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። አቦሉን ጠዋት ጠጡ፤ የ11 ሰዓቷን ከነበረካዋ ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ሲበላሽ

ይበላሻል። 8 እና 9 ወር አካባቢ እናቱ ከዐይኑ ስትሰወር የሚያለቅስበት ጊዜ ይመጣል። ጥርስ ይመጣል፣ መዳህ ይመጣል፣ ገና ሲመጣ ገጠር አያት ቤት ትሄዳላችሁ። በእነዚህ ቀናት አቅፉት፣ አጥቡት፣ አባብሉት። ነገሩ ሲያልፍ ወደ ምሽቱ ሥርዓት ተመለሱ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል።

ሕመምን ግን ከአመል ለዩ። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና። ከዚያ በላይ ያለውም ቢያተኩሰው የወባ ምርመራ ሳይደረግ አይታለፍ። ጡት እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ አትጠብቁ። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ልጅም መታየት አለበት። እናትየዋ ራሷ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ሁሉ ነገር ካስጠላት፣ ለእሷም ሐኪም ያስፈልጋታል፤ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ አይተው።

ሦስት ሳምንት በትክክል ሞክራችሁ ምንም ካልተለወጠ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሦስት ቀን ብቻ ይበቃል፦ ጠዋት የነቃበት ሰዓት፣ ቀን የተኛባቸው ሰዓቶች፣ ምሽት እንዴት እንደተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃና ምን አድርጋችሁ እንደተኛ። «ጭራሽ አይተኛም» ከሚለው ይልቅ ይህች ወረቀት ለባለሙያው ብዙ ትነግረዋለች።